እማዬ ከማን ጋር ትግባ

ሰኞ 5

የምርጫ አስፈጻሚዎች ሥልጠና ተጀመረ። አዳራሹ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ላይ «ለጊዜው አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። «ለጊዜው» የሚለው ፀሐይ በልቶት አሁን «አይሠራም» ብቻ ነው የሚነበበው።

ከሠልጣኞቹ አንዷ በዊልቸር የምትሄድ ናት። ፋርማሲ አላት። አራት ሰዎች ከነወንበሯ አንሥተው አወጧት። ደረጃው መሐል ላይ የአንደኛው እጅ አልቦት ሊለቃት ነበር። ላይ ስትደርስ ፊቷ አመድ መስሏል። አመሰገነቻቸው። እኔ አጨበጨብኩ። ለምን እንዳጨበጨብኩ እስካሁን አልገባኝም።

የዛሬው ርዕስ «የምርጫ አስፈጻሚ ገለልተኛ ነው» የሚል ነበር። ደህና አስተማርኩ። ወንድሜ በዚሁ ከተማ ተወዳዳሪ መሆኑን ለኃላፊዬ በጽሑፍ ካሳወቅሁ ከርሟል። ወረቀቱን ተቀብሎ «ጠያቂ እስካልመጣ ድረስ ችግር አይደለም» አለኝ።

«ከመጣስ?»

«ያኔ በሚመለከተው አካል በኩል ይታያል።»

የሚመለከተው አካል እሱ ነው።

ማክሰኞ 6

ፋርማሲስቷ አልመጣችም ብዬ ቀሪ አደረግኋት። ለሻይ ወርጄ ሳይ ታች ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣለች። ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ናት።

«ምነው ሰው ልከሽ አላስጠራሽኝ?»

«ትናንት እንደ ሶፋ ተሸከሙኝ። ሶፋ ቢወድቅ ይሰበራል እንጂ አያፍርም። ዛሬ እኔን ከምታወጡ ሥልጠናውን አውርዱት።» ትንሽ ቆይታ፣ «ለመሆኑ ዛሬ ምን አስተማሩ?» አለችኝ።

«ሁሉን አካታች ምርጫ።»

ራሷን ነቀነቀች። አልሳቀችም። ብትስቅ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ 8

ሥልጠናው ወረደ። አሁን ያለነው የመኪና ማቆሚያው ጣሪያ ሥር ነው። የኃላፊው መኪና ቦታዋን ለቃ ዝናብ ላይ ቆማለች። ኃላፊው በመስኮት መኪናውን ያያል፣ ቀጥሎ እኔን ያያል።

ቆርቆሮው ላይ ሲዘንብ አንዱ የሌላውን አይሰማም። ዝናቡ እስኪያባራ የማስመሰያ ምርጫ አደረግን። ፋርማሲስቷ የጣቢያ ኃላፊ ሆነች። አንድ ጡረተኛ ሠልጣኝ መራጭ ሆኖ ቀረበ። የሚነገረውን ሁሉ «አዎ አዎ» እያለ ስለሚቀበል ሠልጣኞቹ ስሙን አዎ-አዎ ብለውታል። መታወቂያው ላይ ስሙ በ«ሰ» ነው፣ መዝገቡ ላይ በ«ሠ»። መለሰችው።

«ሰውዬው እሱ ራሱ ነው» አልኳት። «በፊደል ልዩነት መራጭ አይመለስም።»

«ፋርማሲ ውስጥ አንድ ፊደል ሰው ይገድላል።»

«እዚህ ደግሞ ሰው ያስቀራል። ታጣሪያለሽ እንጂ አትመልሺም።»

ተከራከረችኝ። ዝናቡ ቆሞም ትከራከር ነበር። በመጨረሻ ነገሩን ጻፈችው። ያመነችበትን ብቻ ነው የምትጽፈው። ሌሎቹ ስስልም ይጽፋሉ።

እሑድ 11

ወንድሜ እማዬን ሊጠይቅ መጣ። እኔና እማዬ አብረን ነው የምንኖረው። እሱ የመጨረሻ ልጇ ነው። ገና በዳዴ ሲሄድ ያዘን ስለነበር ቤተሰቡ «ሚኒስትሩ» ነው የሚለው። አሁን የሕንፃ ዕቃ ይነግዳል፣ ለምክር ቤት ደግሞ በግል ይወዳደራል። የምርጫ ምልክቱ ጃንጥላ ነው። የመጣው ከፎቶ አንሺ ጋር ነው።

እማዬ ዓይኗ ደክሟል። «ሁሉ ነገር እንደ ጭስ ነው» ትላለች። ዓይን ሐኪም ዘንድ ሊወስዳት ቃል ገብቶላት ነበር።

«ከምርጫው በኋላ፣ እማዬ።»

«በፊትስ መቼ ብለኸኝ ነበር?»

«ከሱቁ ምረቃ በኋላ።»

«እሱስ ተመረቀ?»

«አምና።»

«እንኳን ደስ አለህ» አለችው።

ፎቶ አንሺው «እማማ፣ እስቲ ትንሽ ፈገግ ይበሉ» አላት።

«ለማን?» አለች።

ጎረቤታችን ባለ ሱቋ ወሬ ሸቷት ገባች። ሰፈሩ ሬዲዮ ይላታል። ጠዋት ሱቋ ውስጥ የተነገረ ነገር ለምሳ ከተማውን ይዞራል። ሚኒስትሩን የምትፎካከረው የጤና ጣቢያዋ ነርስ በየቤቱ እየዞረች መሆኑን ነገረችን። የነርሷ ምልክት ሰዓት ነው። የእማዬን ግፊት የምትለካውም እሷው ናት።

«መቼም እውነት እንነጋገር ከተባለ እጇ ቀላል ነው» አለች እማዬ። «መርፌ ስትወጋ አይሰማም።»

«እማዬ፣ ይሄን ውጭ እንዳትናገሪ» አላት ሚኒስትሩ።

«ውጭ ማን ያወጣኛል?»

ከሄዱ በኋላ ምልክቱ ምን እንደነበር ደግማ ጠየቀችኝ። ጃንጥላ አልኳት።

«ጃንጥላ ሰው ቤት ተረስቶ የሚቀር ዕቃ ነው» አለች።

እኔ ገለልተኛ ነኝ።

ረቡዕ 14

ቸኩያለሁ። የጣቢያ ኃላፊዎች ምደባ እስከ ዓርብ ይቅረብ ተብሏል። አቅራቢዋ እኔ። የወንድሜን ነገር ለኃላፊው አስታወስኩት። «ሌላ ሰው የለኝም። ደግሞ አንቺ ሐቀኛ ነሽ» አለኝ። ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቅ አልነገረኝም።

ሚኒስትሩ ሁለቴ ደውሎ አላነሣሁትም። ሥራ ላይ ነበርኩ። ሁለተኛው ላይ እንኳን ሥራ ላይ አልነበርኩም።

ዓርብ 16

ዛሬ አነሣሁት።

«እትዬ፣ እኔ ምንም አልጠይቅሽም» ብሎ ጀመረ። እንዲህ ብሎ ሲጀምር ብዙ ይጠይቃል። በእኛ ሰፈር፣ በትምህርት ቤቱ ጣቢያ፣ ኃላፊ ማን እንደሚሆን ጠየቀኝ። አይነገርም አልኩት።

«እሺ አትንገሪኝ። ያቺ ባለ ፋርማሲዋ ብቻ እንዳትሆን። ከሰው አትግባባም ይላሉ። አዎ-አዎ ደህና ሰውዬ ነው።»

አዎ-አዎን ከየት እንደሚያውቀው አልጠየቅሁትም። በመጠየቅ ገለልተኝነቴን ላጓድል አልፈለግሁም።

ከዚያ የምደባውን ሐሳብ ጻፍኩ። ፋርማሲስቷን ከተማው ዳር ወዳለው የገበያ አዳራሽ መደብኳት። ምክንያት፦ መሬቱ ሜዳ ነው፣ መራጩ ጥቂት ነው፣ አትደክምም። ትምህርት ቤቱ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ግፊያ አለው፣ ለጤናዋ አይመችም። ሠልጣኝን እንደየሁኔታው ማየት ራሱ አካታችነት ነው፣ እኔው ነኝ ያስተማርኩት። ይህ ከሚኒስትሩ ስልክ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ስልኩ ከመምጣቱ በፊትም ስለ ጤናዋ አስቤ ነበር ብዬ እገምታለሁ።

ትምህርት ቤቱን ለአዎ-አዎ ሰጠሁ። ልምድ ያለው ሰው ነው። አዎ አዎ ማለቱም ለመራጩ እንደ ትሕትና ሊታይ ይችላል።

እማዬ አልጋዋ ላይ ሆና፣ «ምንድን ነው የምትጽፊው?» አለችኝ።

«የሥራ ነው።»

«ብዕርሽ ቆም ቆም ይላል።»

«መብራቱ ደክሞ ነው» አልኳት። መብራቱ ደህና ነው።

ሰኞ 19

የምደባው ረቂቅ አስተያየት እንዲሰጥበት ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ፋርማሲስቷ ከእነ ምክንያቱ አነበበችው። ሌሎቹ እስኪወጡ ጠብቃ ወደ እኔ መጣች።

«እደክማለሁ ያለው ማን ነው?»

«ለአንቺው ታስቦ ነው።»

«እኔን ሳይጠይቅ ያሰበልኝ ማን ነው?»

መልስ ፈልጌ ወረቀቶቼን ማስተካከል ጀመርኩ። የተስተካከሉ ነበሩ።

«ፋርማሲዬ ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ነው» አለችኝ። «በዚያ በር በየቀኑ እገባለሁ፣ ለተማሪዎቹ የራስ ምታት መድኃኒት አደርሳለሁ። የገበያ አዳራሹ መግቢያ ላይ ግን ቦይ አለ። ድልድዩ ሁለት ጣውላ ነው። አይተውታል?»

አላየሁትም። ሜዳ ነው ብዬ ጽፌያለሁ።

«ግትር ነሽ፣ ሰው ትጨቀጭቂያለሽ ብለው ቢያርቁኝ እጣላዎት ነበር እንጂ አልቀየምም ነበር» አለች። «በእግሬ ግን አያሳብቡ።»

ወንበሯን አዙራ ሄደች። ተሽከርካሪው ጎማ ዘይት ይፈልጋል። ድምፁ እስከ መንገዱ ድረስ ይሰማ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ገበያ አዳራሹ ሄድኩ። ቦዩ ሞልቶ ይፈሳል። ጣውላዎቹ ላይ ቆምኩ። አንደኛው ከእግሬ ሥር ተንሸራተተ፣ ከሰል ነጋዴዋ ክንዴን ባትይዘኝ ገብቼ ነበር። «ምን ልትገዢ ነው?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። ያየችኝ አስተያየት አሁንም አብሮኝ ነው።

ማክሰኞ 20

ምደባውን ቀየርኩ። ኃላፊው ምክንያት ጠየቀኝ።

«ድልድዩ ሁለት ጣውላ ነው» አልኩት።

«በሚመለከተው አካል በኩል ይጠገናል።»

«እስኪጠገን እሷ ትምህርት ቤቱ ጋ ትሁን። አዎ-አዎ ገበያ አዳራሹን ይያዝ።»

ብዙ አሰበ። ከዚያ ፈረመ። መኪናው እንደገና ጣሪያ ሥር የምትገባው መቼ እንደሆነ ብቻ ጠየቀኝ።

ዜናው ከእኔ ቀድሞ ሚኒስትሩ ዘንድ ደርሷል።

«እትዬ፣ ለመሆኑ አንቺ የማን እህት ነሽ?»

«ያንተ።»

«አይመስልም» ብሎ ዘጋው።

ልጅ እያለ ሲታመም በጀርባዬ ተሸክሜ ጤና ጣቢያ የማደርሰው እኔ ነበርኩ። ይህን ልነግረው ስልኩን መልሼ አነሣሁና ተውኩት። ለምደባው አግባብነት የለውም።

እሑድ 25

ሚኒስትሩ አልመጣም። ሬዲዮ ግን መጥታ ከእኔ ጋር መኮራረፉን ነገረችኝ። ለእኔው ነው የምትነግረኝ።

እማዬ ስለ ሥልጠናው ጠየቀችኝ። ማየት የሚቸግረው ሰው አጋዥ መርጦ አብሮት ወደ መጋረጃው ውስጥ መግባት እንደሚችል ነገርኳት። አጋዡ ተወዳዳሪ ወይም የተወዳዳሪ ወኪል መሆን የለበትም።

«ልጅም ቢሆን?»

«ተወዳዳሪ ከሆነ ልጅም ቢሆን።»

«የገባው ሰው ያየውን ካወራስ?»

«ያስቀጣዋል።»

«ጥሩ ነው» ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ። የተኛች መስሎኝ ነበር። ቆይታ፣ «ቅጣቱ ከባድ ነው?» አለች።

እሑድ 2

የምርጫው ቀን። የተወዳዳሪ እህት ስለሆንኩ ዛሬ የትም ጣቢያ አልተመደብኩም። እማዬን ይዤ እንደ ማንም መራጭ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ሬዲዮ ሱቋን ዘግታ ተከተለችን። ስንደርስ ሰልፉ ከአጥሩ ወጥቶ ፋርማሲውን አልፏል። ፋርማሲው ተዘግቷል።

ጣቢያው ደህና ነበር። ሳጥኑ ለሁሉም በሚታይ ቦታ ነው። ከጠረጴዛዎቹ አንዱ ዝቅ ተደርጓል። አዛውንቶችና ነፍሰ ጡሮች ወደ ፊት ይጠራሉ። ፋርማሲስቷ ወንበሯን በሩ አጠገብ አቁማ ሁሉን ታያለች። አንድ ሽማግሌ የስማቸው ፊደል ከመዝገቡ ጋር ሳይገጥም ቀረ። ግንባሯን ቋጠረች፣ ወደ እኔ አላየችም። የልደት ዘመናቸውንና አድራሻቸውን አጣርታ አስገባቻቸው። ልቤ ሞቀ። ሠልጣኝ ሁሉ ለእኔ እኩል ነው።

የእማዬ ተራ ሲደርስ ሚኒስትሩ ከፎቶ አንሺው ጋር ከተፍ አለ። ክንዷን ያዘ።

«ነዪ እማዬ፣ እኔ አስገባሻለሁ።»

ፋርማሲስቷ ወንበሯን ገፋ አድርጋ መሐል ገባች። «ተወዳዳሪ መራጭን ማገዝ አይችልም።»

«እናቴ ናት።»

«አውቃለሁ። እናትዎ ሌላ ሰው ይምረጡ። ካሜራውም ይውጣ።»

«እኔን እናቴን አታግዝም ልትይ ነው?»

«አዎ» አለች።

ከሰልፉ አንድ ሰው አስነጠሰ፣ ይማርህ ያለውም የለም። የሚኒስትሩ ጆሮ ቀላ። ልጅ ሆኖም ሲቆጣ ጆሮው ነው የሚቀላው። ነገሩ ይብረድ ብዬ፣ «እኔ ልግባ፣ እኔ ተወዳዳሪ አይደለሁም» አልኩ። ፋርማሲስቷ ወደ እማዬ ዞረች።

«እናቴ፣ ማን ይግባልዎ? እርስዎ ነዎት የሚመርጡት።»

እማዬ ክንዷን ከሚኒስትሩ እጅ አወጣች።

«ከልጆቼ ማንንም አልፈልግም» አለች። «ያቺ ጎረቤቴ የታለች? ባለ ሱቋ።»

ሬዲዮ ደረቷን ይዛ፣ «እኔ?» አለች። ከሰልፉ የሳቀ ሰው አለ። እኔም ልስቅ ነበር። ፋርማሲስቷ ሬዲዮን ምስጢር እንድትጠብቅ አስጠነቀቀቻት፣ ቅጣቱንም ነገረቻት። ሬዲዮ እንደ መሐላ ቀኝ እጇን አነሣች። ገቡ። ቆዩ። ወጡ። እማዬ ወረቀቷን ራሷ አጥፋ ሳጥኑ ውስጥ ጨመረች። ቀዳዳውን አላጣችውም።

እኔም ድምፄን ሰጠሁ። ለማን እንደሰጠሁ እዚህ አልጽፍም። ደብተርም ቢሆን ደብተር ነው።

ሰኞ 3

ነርሷ አሸነፈች። ልዩነቱ ጠባብ ነው። የትምህርት ቤቱ ጣቢያ ውጤት ቢሰረዝ ጃንጥላ ሰዓትን ይቀድማል።

ሬዲዮ ዛሬ አልመጣችም። ዘይት ልገዛ ሱቋ ሄድኩ። ሰው ሁሉ የሚጠይቃት አንድ ነገር ነው። «ሆድ ይፍጀው» ትላለች። ሚኒስትሩም በጠዋት ሄዶ ነበር አሉ። ለእሱም ሆድ ይፍጀው ብላዋለች። መክሳት የጀመረች ይመስላል።

ረቡዕ 5

ሚኒስትሩ አቤቱታ አስገባ። የጣቢያዋ ኃላፊ የእናቴን የመምረጥ መብት ደፍራለች፣ የጣቢያው ውጤት ይሰረዝ ይላል። ዛሬ የመጣው እማዬን ምስክር ሊያደርግ ነው። ለእኔ ሰላምታ የሰጠው በአገጩ ነው።

«ዓርብ ቀርበሽ፣ ልጄ ያስገባኝ ብዬ ነበር፣ ከለከለችኝ በያቸው፣ እማዬ። ሌላ ምንም የለውም።»

«የት ነው?»

«እትዬ መሥሪያ ቤት።»

«መኪና ትልክልኛለህ?»

«ራሴ መጥቼ እወስድሻለሁ።»

«ራስህ?» አለች እማዬ። የክት ልብሷን ከሣጥን እንዳወጣላት አዘዘችኝ።

ፋርማሲስቷ ተጠርታለች። ውጤቱ ከተሰረዘ እሷም ስሟ ይሰረዛል፣ ምናልባት የፋርማሲዋም ስም አብሮ ይነሣል። ሰው መድኃኒት ሲገዛ ነገር ያስታውሳል። እኔም ተጠርቻለሁ። ምደባው ለምን እንደተቀየረ ይጠይቁኛል። የማዘጋጀው መልስ፦ ድልድዩ። ድልድዩ እውነት ነው። ግን ቀድሞ ለምን ገበያ አዳራሹ ተባለ ካሉኝስ? ካላሉኝስ? ባይጠይቁኝ እመርጣለሁ። ይህን ሁለት ጊዜ ጽፌ አንዱን ሰረዝኩት።

ዓርብ 7

አቤቱታው የታየው ምድር ቤት ባለው ክፍል ነው። ዝናቡ የበሩን እንጨት አሳብጦት አይዘጋም፣ ስለዚህ ኮሪደሩ ላይ ያለነው ሁሉ እንሰማለን። ሰሚዎቹ ሦስት ናቸው። መሐል የተቀመጡት መነጽራቸውን እያወለቁ የሚናገሩ ሴት ናቸው።

መጀመሪያ ፋርማሲስቷ ገባች። «ከልክያለሁ» አለች። «እሱን። እሳቸውን አይደለም።» ሌላ ነገር አልጨመረችም።

ቀጥሎ እኔ ገባሁ። ሚኒስትሩ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይህችን ሠልጣኝ መጀመሪያ ገበያ አዳራሽ፣ ኋላ ትምህርት ቤት መድበሻታል። ለምን?»

«ድልድዩ ሁለት ጣውላ ስለሆነ ነው» አልኩ።

«ይህ ኋለኛው ነው። የመጀመሪያውስ?»

ሚኒስትሩ መሬት መሬት ያያል። ጆሮው ቀልቷል።

«የመጀመሪያውን የጻፍኩት ወንድሜ ደውሎ እሷ እንዳትሆን ካለኝ በኋላ ነው» አልኩ። «እግሯን ምክንያት አደረግሁ። ቦዩን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው።»

ጸሐፊው ቃሉን እንድደግምለት ጠየቀኝ። ደገምኩለት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል። ፋርማሲስቷ ከበሩ ሥር ሆና ሰምታለች። ስወጣ ወንበሯን ወደ ኋላ ስባ አሳለፈችኝ። ይቅር ያለችኝ ይሁን መንገድ የለቀቀችልኝ አላውቅም።

በመጨረሻ እማዬ ገባች። ሚኒስትሩ ክንዷን ይዞ አስቀመጣት።

«እናቴ፣ የፈለጉት ሰው እንዳይገባልዎ ተከልክለዋል?» አሉ ሰብሳቢዋ።

«ማን ነው ያለው?»

«ልጅዎ።»

«የፈለግኋት ገብታልኛለች» አለች እማዬ።

«ልጅዎ እንዲገባልዎ አልፈለጉም ነበር?»

«እሱ ነው መግባት የፈለገው።»

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ብዙ ሳይቆዩ አቤቱታው ውድቅ መሆኑን ነገሩን። ኃላፊው ኮሪደሩ ላይ ጠብቆ፣ ከመጪው ሥልጠና መታገዴንና ጉዳዬ በሚመለከተው አካል በኩል እንደሚታይ አሳወቀኝ። አመሰገንኩት። የማላጨበጭብበት ቦታ መሆኑን አሁን አውቃለሁ።

ሚኒስትሩ ጥሎን ይሄዳል ብዬ ነበር። መኪናውን በሩ ድረስ አምጥቶ፣ «ግቡ» አለ። እማዬ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ትልቁ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቀይ መብራት ያዘን።

«እማዬ» አለ፣ ወደ ፊት እያየ። «እንዲሁ ልወቀው ብዬ ነው። አልቀየምሽም። ለማን ነው የሰጠሽው?»

እማዬ የክት ልብሷን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች።

«አረንጓዴ ሆኗል፣ ንዳ» አለችው።

አረንጓዴ ሆኖ ነበር። ከኋላ ጥሩምባ ነፍተው ሰምታ ይሆናል። እኔ ግን የሰማሁት ጥሩምባ የለም። ሚኒስትሩ ዞሮ ዓይኗን አየ፣ እሷም አየችው፣ ከዚያ ማርሽ አስገብቶ ነዳ።